ሳናርፍ እንረፍ
(ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስለ መሄድ፣ ናይሮቢ በተከበረው የኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንድናደርግ ሲጠይቀን፣ እኛ ባልና ሚስት ሱቅ ነጋዴዎች ነን፣ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፣ ስለ ትልቅ ነገር የሚናገሩ ምሁራን በመካከላችን አሉ ብለን ነበር። ኮሚቴው ግን «ከባንኮኒያችሁ ጀርባ ሆናችሁ የምትሰሙትን ንገሩን» አለን። ከባንኮኒያችን ጀርባ ሆነን ዓመቱን ሙሉ የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ አገር ቤት ትሄዳላችሁ?» የሚል ነው። መልሱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ «ነገሩ ይስተካከልና እንሄዳለን።» ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስለ መሄድ ነው።

በቋንቋችን «ዐረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። ሠርቶ የደከመ ሰው ጎኑን ሲያሳርፍ ዐረፈ እንላለን። ሰው ሲሞትም ዐረፈ እንላለን። የእኛን የሰው አገር ኑሮ ልብ ብሎ ላየው፣ ከሁለቱ ዕረፍቶች በደንብ የምናውቀው ሁለተኛውን ሆኗል። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያርፍ እድራችን በአንድ ቀን ይሰበሰባል፤ ለአስከሬኑ መላኪያ የሚበቃው ገንዘብ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዋጣል፤ ወረቀቱን የሚያስጨርስ፣ አብሮ የሚሸኝ አይጠፋም። ያ ሰው ግን በሕይወቱ ሳለ አሥር ዓመት ሙሉ «ነገሩ ይስተካከልና» ሲል እንደ ኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ አገሩ የተሳፈረው በሣጥን ሆኖ ነው። ይህን ስንል እድራችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ እድራችን የተመሰገነ ነው። የምንለው፣ ለሞተው የምንረዳዳውን ያህል በሕይወት ላለውም እንረዳዳ፣ ሳናርፍ እንረፍ ነው።

ይህን ነገር እንድናስብበት ያደረጉን የሱቃችን ደንበኞች የነበሩ አንድ የሚሲዮን ቤተሰብ ናቸው። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩ። የሚያገለግሉት በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት በኩል ስለ ነበር፣ በየሁለት ወሩ ናይሮቢ እየወረዱ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማና የባትሪ ድንጋይ በካርቶን ጭነው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን መጥተው ያለባቸውን ሒሳብ በሙሉ ዘጉና «ፈርሎ ልንሄድ ነው» አሉን። ቃሉን የሰማነው የዚያን ዕለት ነው። ፈርሎ ማለት ሚሲዮናዊ የተላከበትን ዘመን ሲፈጽም ወደ አገሩ የሚመለስበት የዕረፍት ፈቃድ ነው። በዱሮው ልማድ አራት ወይም አምስት ዓመት ያገለገለ ቤተሰብ አንድ ዓመት ያህል ወደ አገሩ ይሄድ ነበር። በአውሮፕላን መሄድ ከቀለለ ወዲህ አጠር ያለ ፈቃድ ቶሎ ቶሎ የሚወስዱ በዝተዋል፤ ስሙንም ለውጠው «የአገር ቤት አገልግሎት» የሚሉት አሉ።

እኛን የገረመን መሄዳቸው ሳይሆን አካሄዳቸው ነው። ከበረሃው ወጥተው በቀጥታ አውሮፕላን ላይ አልወጡም። አስቀድመው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርደው አንድ ሳምንት ተኙ። ልጆቹ ዋኙ፣ አባትየው መጽሐፍ አነበቡ፣ እናትየው ምንም አልሠሩም። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስንጠይቃቸው ሴትዮዋ «ደክሞት የሄደ ሰው እናቱን ሲያገኝ ያለቅሳል እንጂ አይጫወትም» አሉን። አገራቸው ሲደርሱ ደግሞ የመጀመሪያው ወር የአያቶች ነው። በዚያ ወር ልጆቹ ከአያቶቻቸው ቤት አይወጡም፤ ጥርስ የሚታየው፣ ዐይን የሚታየው፣ የሰውነት ምርመራ የሚደረገውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ነው የላኳቸውን ምእመናን በየከተማው እየዞሩ፣ ፎቶግራፍ እያሳዩ፣ ሥራቸውን የሚያስረዱት። የመመለሻው ቀን ከመነሻው ተቆርጦ የታወቀ ስለሆነ ማንም «ቆዩ» ብሎ አይለምናቸውም፤ ማንም «መቼ ነው የምትሄዱት» ብሎ አይሰለቻቸውም።

ሲመለሱ የመጨረሻውን ልጅ «አገርህ እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅነው። «የትኛው?» አለን። ወላጆቹ ሳቁ፤ እኛ ግን የራሳችንን ልጆች አሰብን። ማርሳቢት የሚያድገው የፈረንጅ ልጅና ናይሮቢ የሚያድገው የእኛ ልጅ ጥያቄያቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የእሱ ወላጆች ሁለተኛው አገር እንዳይጠፋበት ቀን ቆርጠው፣ ገንዘብ መድበው ይወስዱታል።

ፈርሎ የሚባለው ነገር ለሁሉም ሚሲዮናዊ ደርሶት ነበር ማለት ግን አይደለም። የእኛን አገርና ይህን አገር የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ፤ ልጆቻችን ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በ1837 ከአውሮፓ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀመጠ፤ አማርኛም ተማረ። በ1842 ግብፅ ላይ ሮዚና ዲትሪክ የተባለችውን አገባና አብረው ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ሞከሩ። በ1843 ከምጽዋ በላይ ባለው በረሃ፣ በመንገድ ላይ ሳሉ፣ ሮዚና ያለ ቀኗ ሴት ልጅ ተገላገለች። ስሟን በአማርኛ «እንባ» አሏት። ሕፃኗ ወዲያው ሞተችና እዚያው በረሃ ተቀበረች። እነሱም ኢትዮጵያ መቀመጥ ስላልቻሉ በ1844 ወደ ሞምባሳ መጡ። ሞምባሳ በደረሱ በጥቂት ወር ውስጥ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ፣ ሮዚና ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ በወባ ሞተች፤ ሕፃኗም ተከተለቻት። መቃብራቸው ዛሬም በሞምባሳ አጠገብ ንያሊ በሚባለው ስፍራ አለ። ክራፕፍ ወደ አውሮፓ የተመለሰው ከወጣ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1850 ነው። ብቻውን ነበር።

በ1846 መጥቶ ከክራፕፍ ጋር የሠራው ዮሐንስ ሬብማን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በ1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ አይቶ ለአውሮፓ የጻፈው እሱ ነው። በዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ 29 ዓመት አገለገለ። በ1875 ጀርመን ሲገባ ዐይኑ ጠፍቶ ስለ ነበር የትውልድ አገሩን ዐፈር ረገጠው እንጂ መልኩን አላየውም። በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ።

ከእነሱ በኋላ የመጡት በተሻለ ዘመን ኖሩ። ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሠሩ፤ በኪጃቤ ተራራ ላይ ያለው የሚሲዮናውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከ1906 ጀምሮ አለ። በኢትዮጵያ ያገለገሉትም በቢሾፍቱ ሐይቆችና በላንጋኖ ዳር የዕረፍት ስፍራ አበጁ። ዕረፍትን እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ሥራው ክፍል ቆጠሩት። እኛም ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ይኸው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እነሱን የሚልክ፣ ደመወዛቸውንና ትኬታቸውን የሚያስብ ድርጅት አላቸው፤ እኛን ማን ላከን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እኛን የላከን የለም፤ ሱቃችንን ስንዘጋ ገቢያችንም አብሮ ይዘጋል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይዘጋም። ከዚህም ሌላ ሦስት እንቅፋቶች አሉብን፤ እነሱን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው። የኬንያ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት በኤፕሪል፣ በኦገስትና በዓመቱ መጨረሻ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ረጅሙ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን የሚውለው በጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ ጃንዋሪ 7 ገና ሲደርስ ልጆቹ ለአዲሱ የትምህርት ዓመት ወደዚህ መመለሻቸው ነው። ኦገስት የክረምቱ እኩሌታ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ በዚያ ላይ ጾመ ፍልሰታ። ሴፕቴምበር 11 እንቁጣጣሽ ሲብት ደግሞ ልጆቹ ክፍል ገብተዋል። ፋሲካ ብቻ አንዳንድ ዓመት ከኤፕሪሉ ዕረፍት ጋር ይገጥማል። እንግዲህ በግና ዶሮ የሚታረድበትን ቀን ጠብቄ እሄዳለሁ የሚል ሰው ልጆቹን ሳያሳይ ያረጃል። ዕረፍት ግን ድግስ አይደለም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከአያት ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጦ በቆሎ እሸት መጥበስም ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከናይሮቢ ሞያሌ ወደ 800 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ብዙ የማያንስ ነው። የዱሮ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ ከኢሲዮሎ በላይ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ጠጠርና አቧራ ነበር። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖች ተሰብስበው በታጠቀ አጃቢ ነበር የሚሄዱት፤ መንገደኛው ከከብትና ከጆንያ ጋር በጭነት መኪና ላይ ይሳፈር ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ሞያሌ ድረስ ተጠናቋል። በ2020 በዲሴምበር ወር ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ሞያሌ ላይ የጋራውን የድንበር መቈጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። በአውሮፕላን የሚሄድም ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መንገዱ አልጠፋም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በየብስ የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የወቅቱን ጸጥታ በሁለቱም ወገን ሳያጣራ እንዳይንቀሳቀስ አደራ እንላለን።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ባዶ እጅ እንዴት ይገባል፣ የአክስት ልጅ ምን ይላል፣ ጎረቤት ምን ይላል። ሰው ለትኬቱ ያጠራቀመውን በጫማና በልብስ ይጨርስና ትኬቱን ለከርሞ ያስተላልፋል። ከርሞ ደግሞ ዘመዱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

በዚህ ጉዳይ እኛ ቤት የተደረገውን እንንገራችሁ። በ2008 በኦገስት ወር ቤተሰቡ በሙሉ፣ አምስት ነፍስ፣ ይርጋለም ወደሚኖሩት ወደ ልጆቻችን አያት ወደ እማማ ተጓዝን። ሱቁን ለሦስት ሳምንት ዘጋን፤ በሩ ላይም የምንከፍትበትን ቀን ለጥፈን ሄድን። ከኢሲዮሎ ሞያሌ እናትና ልጆች በጭነት መኪና ጋቢና፣ አባት ከላይ ከጭነቱ ጋር ሆነን፣ ማርሳቢት አድረን በሁለት ቀን ደረስን። ሞያሌ ስንገባ ከአቧራው የተነሣ ሦስቱ ልጆች መልካቸው አንድ ሆኖ ነበር። ድንበሩን በእግር ስንሻገር ትልቁ ልጃችን መጀመሪያ ያየው መኪኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ መዛወራቸውን ነው። «አሁን ኢትዮጵያ ገባን» አለ፤ ሰንደቅ ዓላማውን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

በአውቶቡስ ያቤሎን፣ ሐገረ ማርያምን፣ ዲላን አለፍን። ወደ ይርጋለም የሚያስገባው አፖስቶ መገንጠያ ደረስን፤ አልወረድንም። አልፈን ሐዋሳ ገባን። እናት ቤት ደርሶ ማለፍ በእኛ ባህል ነውር እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አስቀድመን ለእማማ በጎረቤት ስልክ ነግረናቸው ነበር። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ዐርፋችሁ ኑ። ደክማችሁ መጥታችሁ ከምትተኙብኝ፣ ዐርፋችሁ መጥታችሁ አጫውቱኝ» አሉን። ያቺ የሚሲዮን ሴትዮ የተናገሩትንና እማማ የተናገሩትን ስናስተያየው፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ የተማከሩ ይመስላል። ሐዋሳ ሁለት ሌሊት ዐደርን። ታጠብን፣ ልብሳችንን አሳጠብን፣ ተኛን። ጧት ጧት አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ ልጆቹ ሲያዩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ይርጋለም ስንገባ ሁላችንም ሰው መስለን ነበር።

ስጦታን በተመለከተ ከናይሮቢ ሳንነሣ ተስማምተን ነበር፤ ለየቤቱ አንድ አንድ እሽግ የኬንያ ሻይ ቅጠል፣ ከዚያ ያለፈ የለም። «ናይሮቢ ይህን ያህል ዘመን ሠርተው ሻይ ቅጠል ብቻ?» ያለ ዘመድ አልጠፋም። እማማ ሰሙና «ሦስቱን ልጆች አምጥተውልኝ የለም ወይ? ሻንጣ ሙሉ ልብስ አያቴ ብሎ አይጠራኝም» ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ማንም አላነሣውም።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የልጆቻችን አማርኛ ተቀየረ። ናይሮቢ ሳሉ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነበር የሚሉት፤ በሚማሩባቸው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይምና አይፈረድባቸውም። በመጀመሪያው ቀን መካከለኛው ልጅ የሰፈሩን አዛውንት «አንተ፣ እማማ ትጠራሃለች» ብሎ ጠራቸው። አዛውንቱ ቈጣ ሳይሉ «ማን ናት የምትጠራኝ? እማማስ አንቱ ናቸው፤ እኔም አንቱ ነኝ፤ አንተ ያልከው ሰው እዚህ የለም» አሉት። በሳምንቱ «እርስዎ» ማለትን ለመደ። እማማ ደግሞ ማታ ማታ የአባቶችን ስም ያስቈጥሯቸው ነበር፤ ትልቁ እስከ ሰባት ቤት ደረሰ፣ ትንሿ አራተኛው ላይ ትቆማለች። ፍልሰታን አብረዋቸው ጾሙ፤ ለቡሄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጅራፍ አጮኹ። ጓሮ ወርደው እንሰቱንና የቡናውን ዛፍ አዩ፤ ሱቃችን ውስጥ በቆርቆሮ ብቻ የሚያውቁት ቡና ገና አረንጓዴ ፍሬውን ይዞ ሲያዩት ከእጃቸው መነጠል አልቻሉም። እነሱም ለእማማ ያስተማሩት አልጠፋም። ስዋሂሊም እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ እንደሚቈጥር፣ «ሳ ሞጃ» ማለት የእኛው ጧት አንድ ሰዓት እንደሆነ ሲነግሯቸው፣ «እንግዲያው ሩቅ አገር አይደላችሁም» አሉ።

እኛ ወላጆችስ? እኛ ተኛን። ዝናቡ ሲወርድ እየሰማን ከሰዓት በኋላ ተኛን። ዕዳ የሚጠይቀን፣ ዱቤ የሚለምነን ደንበኛ አልነበረም። ባልና ሚስት ስለ ዕቃ ዋጋ ሳናወራ አብረን ቡና ከጠጣን ዓመታት አልፈው ነበር፤ እዚያ ጠጣን። ከዚህ የበለጠ ታሪክ የለውም፤ ዕረፍት ማለትም ይኸው ነው።

በ2011 እማማ ዐረፉ። ለቀብር መድረስ የቻለው ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነው። ልጆቹ እዚህ ናይሮቢ እኛ ቤት ከለቅሶ ደራሾች ጋር ተቀመጡ። ብዙዎቻችሁ መጥታችሁ አጽናንታችሁናል፤ ውለታችሁን አንረሳም። የመጡት ሰዎች የሰሙት ነገር ልጆቹ ስለ አያታቸው ሲያወሩ ነው። እንዴት እንደሚስቁ፣ የቡናውን ረከቦት ማንም እንዳይነካባቸው፣ አራተኛው ስም ላይ የቆመችውን ትንሿን በጣታቸው አፍንጫዋን እንዴት እንደሚጫኗት። ልጆቻችን ያለቀሱት በስልክ ለሚያውቁት ድምፅ ሳይሆን በዐይናቸው ላዩት፣ በእጃቸው ለነኩት ሰው ነው። ሐዘኑ ለእነሱም የእነሱ ነበር። በየለቅሶው ቤት «ማን ነው የሞተው?» ብሎ እናቱን በሹክሹክታ የሚጠይቅ የእኛ ልጅ ስታዩ፣ ያን ጊዜ የምንለው ይገባችኋል። የዚያ ጉዞ ወጪ ብዙ ነበር፤ ያን ዓመት ሱቃችን የተጨመረበት ዕቃ የለም። ዕቃው ግን በሚቀጥለው ዓመት ተገዝቶ ገብቷል።

እንግዲህ ወደ ሐሳባችን እንምጣ። ማኅበራችን እድር አለው፤ የጉዞ እቁብ ግን የለውም። እናቋቁም እንላለን። ለምሳሌ 12 ቤተሰብ ሆነን በየወሩ 5,000 ሽልንግ ብንጥል፣ በየወሩ ለአንድ ቤተሰብ 60,000 ሽልንግ ይደርሰዋል። ቤተሰቡን በሙሉ በአውሮፕላን አያደርስም ይሆናል፤ ከራሱ ቁጠባ ጋር ሲደመር ግን «ነገሩ ይስተካከልና» የሚለውን ሰበብ ያነሣል። እንደ ማንኛውም እቁብ ዳኛና ጸሐፊ ይኑረው፣ ዋስም ይጠራ። ሁለት ነገር ግን ይለየው። አንደኛ፣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ለጉዞ እንጂ ለሌላ እንዳያውለው። ሁለተኛ፣ ተራው በዕጣ ብቻ አይሁን፤ አባትና እናታቸው ላረጁባቸው ቅድሚያ ይሰጥ። ወጣት ዘመድ ይጠብቃል፤ እርጅና አይጠብቅም።

በጉዳያቸው ምክንያት አገር ቤት መግባት የማይችሉ እህቶችና ወንድሞች በመካከላችን እንዳሉ እናውቃለን። እነሱን ወደ ጎን ልናደርጋቸው አይገባም። እነሱ እቁቡ ሲደርሳቸው እናታቸውን ወደዚህ ያምጡበት። ጉዞው የሚመዘነው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ከተቀመጡ ዕረፍቱ ተፈጸመ።

ለሚነሡም ጥቂት ነገር እናሳስብ። የልጆቹን ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ሁለት ወር ቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ቀኑ ያለፈበት ወረቀት የሚታወሰው በመጨረሻው ሳምንት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ወደ ቆላ የምትወርዱ የወባውን ነገር ሐኪም ጠይቁ። የምትመለሱበትን ቀን ሳትነሡ ለዘመድ ንገሩ። ከዘመድ ቤት በፊት አንድ ሁለት ቀን ለብቻችሁ ዕረፉ፤ ሐዋሳም ይሁን ዝዋይ፣ ላንጋኖም ይሁን ቢሾፍቱ፣ መንገዳችሁ ላይ ሐይቅ አይጠፋም። እዚያም ስትደርሱ የመጀመሪያውን ሳምንት ለአረጋውያን ስጡ፤ ጉዳይ፣ መሬት፣ ንግድ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ስትመለሱ ደግሞ እንደ ሚሲዮናውያኑ ያያችሁትን ለማኅበሩ ንገሩ፤ ያልሄደው በእናንተ ዐይን ይይ።

ልጆቻችን፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። እዚህ ኬንያ ያሳደገቻችሁ አገር ናት፤ ውለታዋን አትርሱ። «አገርህ የት ነው?» ሲሏችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ብትመልሱ አናዝንባችሁም። የምናዝነው አንደኛውን ሳታዩት ብትቀሩ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችሁ «ነገሩ ይስተካከልና» ሲሉ፣ እናንተ «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ካልቆረጡላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ለሄደው መልካም መንገድ፣ ለቀረው ደግሞ ከርሞ ተራውን ያድርሰው። ያረጁ ወላጆቻችንን በሕይወት ያቆይልን። ቸር ወሬ ያሰማን።